የበኩር ጋዜጣ የድሮ ዕትሞች ጎንደር ላይ ለምን ይቀመጡ?

(ይህ ጎንደር ከተማ ውስጥ ለንባብ ወዳጆች ያቀረብሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ ላይ አሳጥሬዋለሁ። በመጨረሻ ከተነሡት ጥያቄዎችም ሁለቱን ጨምሬአለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የመጣሁት ስለ በኩር፣ ባሕር ዳር ስለምትዘጋጀው የአማራ ክልል መንግሥት ጋዜጣ ላወራችሁ ነው። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገርና ወደ ታሪኩ ልግባ። በኩር ከ30 ዓመት በላይ ስትታተም ኖራለች። በእነዚህ ዓመታት በጎንደር፣ በደባርቅ፣ በመተማ፣ በደብረ ታቦር የሆነውን ተራ ነገር ቀን ጠቅሶ የያዘልን ሌላ ጽሑፍ በጣም ጥቂት ነው። የድሮ ዕትሞቿ ግን ከእጃችን እየወጡ ነው። ጎንደር ላይ፣ ማንም ሰው ገብቶ ሊያነባቸው በሚችልበት ቦታ ተሰብስበው መቀመጥ አለባቸው። የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ወደ ኋላ ትንሽ እንሂድ። ይህች ከተማ ከጋዜጣ በፊት ዜና የምትሰማው በነጋሪት ነበር። «ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላል አዋጅ ነጋሪው። ቃሉ ከአደባባይ ይነሣና በሰው አፍ ገጠር ድረስ ይሄዳል። የሚጻፈው ደግሞ ሌላ ነበር። የንጉሡ ጸሐፌ ትእዛዝ ዜና መዋዕሉን ብራና ላይ ያሰፍራል። የአጼ በካፋን ዜና መዋዕል የጻፈው ሲኖዳ ነው። በፋሲል ግቢ ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለውን ግንብ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የመጽሐፍ ከተማ ነን። ነገር ግን ዜና መዋዕል የሚከተለው ንጉሡን ነው። ንጉሡ የት ዘመተ፣ ማንን ሾመ፣ ማንን ሻረ፣ የት ሰፈረ። ያን ዓመት የደምቢያ ገበሬ ምን ዘራ፣ ጤፍ በስንት ተሸጠ፣ የየትኛው መንደር ወንዝ ሰው ወሰደ የሚለው ከንጉሡ ነገር ጋር ካልተገናኘ አይገኝም።

ጋዜጣ ወደ ሀገራችን ሲገባም ይህ ነገር ቶሎ አልተቀየረም። በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ እንድርያስ ካቫድያስ የሚባል ግሪካዊ «አእምሮ»ን ጀመረ። መጀመሪያ በእጅ ተጽፎ የሚባዛ ነበር። ቅጂው 24 ብቻ ነበር ይባላል። አንባቢው ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ናቸው። ታኅሣሥ 1917 ላይ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን «ብርሃንና ሰላም»ን አቋቋሙ። ሐሙስ ሐሙስ ይወጣ ነበር። ብዙ ትልቅ ክርክር ተደርጎበታል። የሚታተመው ግን አዲስ አበባ ነው፣ የሚናገረውም በአብዛኛው ለአዲስ አበባ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይዘነጋ ነገር አለ። ከዋና ከተማው ውጭ ጋዜጣ ማተም በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1897 ገደማ ሐረር ላይ፣ ካፑቺን ሚስዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በሚረዱበት ቦታ፣ በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማተም ጀምረው ነበር። ኋላ ድሬዳዋ ወረደ። አስመራም ጋዜጦች ነበሯት። ከተማ ካለ፣ ማተሚያ ካለ፣ የሚጽፍ ሰው ካለ፣ ጋዜጣ የትም ይወጣል። ጎንደር ግን ብዕርና ብራና ሞልቷት ሳለ የራሷን ጋዜጣ ሳታይ ረጅም ዘመን ኖረች።

የጣልያንን ጦርነት ዘመን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ስደት ላይ ያሉት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሱዳን ደርሰው ወደ ሀገር ለመግባት ሲዘጋጁ፣ ጆርጅ ስቲር የሚባል ጋዜጠኛ ካርቱም ላይ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ያሳትም ነበር። ከንጉሡ አዋጅ ጋር እየሆነ ድንበር ተሻግሮ ለአርበኛው ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ጋዜጣ ይዞ መገኘት በሕይወት መጫወት ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ ነጻ ወጣችና ግንቦት 30 ቀን 1933 «አዲስ ዘመን» ታተመ። አስቡት እስቲ፣ ያ የመጀመሪያ ዕትም ሲወጣ ጎንደር ገና በጣልያን እጅ ነበረች። ጄኔራል ናዚ እዚህ እጁን የሰጠው ከቁልቋል በር ጦርነት በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ሀገሩ «አዲስ ዘመን» ብሎ ጋዜጣ ሲያነብ፣ የእኛ አባቶች ስድስት ወር ያህል ገና ጦርነት ላይ ነበሩ። የጎንደር ነገር በዋና ከተማ ጋዜጣ ዘግይቶ ይደርሳል ስል ይህችን ቀን ነው የማስበው።

ከዚያም በኋላ ጋዜጠኛ መሆን የሚፈልግ የጎንደር ልጅ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሸገር መሄድ ነበረበት። ብርሃኑ ዘሪሁን ምስክር ነው። የተወለደው እዚህ ጎንደር ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ተማረ፣ የ«የዛሬይቱ ኢትዮጵያ»ና የ«አዲስ ዘመን» ዋና አዘጋጅ ለመሆን በቃ። አጭር ዓረፍተ ነገርን ለአማርኛ ልብ ወለድ ካስተማሩት ሰዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ያን ዓረፍተ ነገር ያስተማረው የጋዜጣ ሥራ ነው ብልም የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። በወጣትነቱ እዚህ ጋዜጣ ቢኖር ኖሮ ስለ ቀዳሜ ገበያ፣ ስለ አዘዞ ምን ይጽፍልን ነበር? ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

የደርግን ዘመን ቶሎ ልለፈው። «ሠርቶ አደር» ነበር፣ «አዲስ ዘመን» ነበር፣ ሁሉም ከማዕከል ነው። ለእኛ ነገር የዚያ ዘመን ትልቁ ውለታ በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ኋላ በገጠር የጋዜጣ አንባቢ የሆነው ሰው ብዙው ፊደል የቆጠረው በዚያ ዘመቻ ነው።

እንግዲህ ወደ 1987 መጣን። ጥቅምት 1985 ላይ የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ወጥቷል። አዲስ አበባ በግል ጋዜጣ ተጥለቅልቃለች። ክልሎች ተዋቅረዋል፤ የአማራ ክልል መቀመጫ ባሕር ዳር ሆናለች። ኅዳር 29 ቀን 1987 ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ። በኩር የወጣችው ወዲያው በሚቀጥለው ወር፣ በታኅሣሥ 1987 ነው። ዛሬ አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) የምንለው ትልቅ ተቋም ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ከእሷ በኋላ የመጡ ናቸው። በአዊኛ፣ በኽምጣናና በኦሮምኛም ጋዜጦች ተከትለዋል። እኔ ግን ዛሬ ከበኩር አልወጣም።

የዚያን ጊዜ ሥራ እንዴት እንደነበር ለወጣቶቹ ልንገራቸው። ኢሜይል የለም። ከወረዳ ዜና የሚመጣው በስልክ ነው፣ ስልኩም ከተገኘ። አለዚያ በእጅ ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ በመኪና ይላካል። ፎቶው ፊልም ነው፤ ታጥቦ እስኪታይ ድረስ ይውጣ አይውጣ አይታወቅም። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያን ዘመን መንገድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የምታስታውሱ አላችሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰኞ የወጣው ጋዜጣ ወረዳ የሚደርሰው መኪና ሲገኝ ነው። ዜናው ያረጃል። ግን ይነበባል። ፊደል የቆጠረው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል። ያ የአዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እዚህ ላይ ቀጥሏል ማለት ነው። ስለዚህ የአንድን የክልል ጋዜጣ አንባቢ በታተመው ቅጂ ብዛት ብቻ የሚቆጥር ሰው ነገሩን አልተረዳውም።

ተነቦ ሲያበቃስ? ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ይህን ያላየ የገጠር ልጅ የለም። እናት ዱቄት በውሃ ትበጠብጥና በሳት ላይ ታማስለዋለች፣ ሙጫ ይሆናል። ጭቃው ግድግዳ በጋዜጣ ይሸፈናል። አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ይለጠፋል፤ ልጁ አንገቱን ጠምዝዞ ያነባል። ርዕሰ አንቀጹ ምድጃው አጠገብ ጠቁሯል። የስፖርቱ ዓምድ መደቡ በላይ ነው። ስንት ልጅ ማንበብ የለመደው ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው! ይህን በሐዘን አይደለም የምናገረው፤ ጋዜጣ ከዚህ የበለጠ ክብር አያገኝም። ነገር ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ከቤቱ ጋር ይፈርሳል። ሱቅ ሄዶ በርበሬ የተጠቀለለበትም አይመለስም።

አሁን ደግሞ ማንም ስለማያከብረው ገጽ ልናገር። የጨረታ ማስታወቂያው ገጽ ነው። በኩርን የሚገዛት ኮንትራክተር መጀመሪያ የሚገልጠው እሱን ነው። ቀሪው ሰው ግን ይዘለዋል። እስቲ ዛሬ አትዝለሉት። አንድ ወረዳ የገንዘብ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ይላል፦ ሎት 1 የጽሕፈት መሣሪያ፣ ሎት 2 የጽዳት ዕቃ፣ ሎት 3 የደንብ ልብስ፣ ሎት 4 የመኪና ጎማ። ከዚያ የጨረታው ሕጎች ይከተላሉ። ተጫራቾች የዘመኑን ግብር የከፈሉበትን ያቅርቡ፣ የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ፣ ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ፣ ያስይዙ፣ ሰነዱን በማይመለስ ብር ይግዙ፣ የመወዳደሪያ ሐሳባቸውን በታሸገ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ያስገቡ። ደግሞ ያቺ ሁላችንም በቃላችን የምናውቃት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ይህ ማስታወቂያ በበኩር ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ…» የክልሉ መሥሪያ ቤት ቀን የሚቆጥረው በዚህች ጋዜጣ ነው። ፍርድ ቤትም እንዲሁ። አድራሻው ያልታወቀ ተከሳሽ የሚጠራው በእሷ ነው። የጠፋ ማኅተም፣ የተሰረዘ ውክልና፣ የወራሽነት ጥያቄ፣ ሁሉም እዚያ ገጽ ላይ አለ።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ታሪክ ጸሐፊ ይህን ገጽ ሲያገኝ በደስታ ይዘላል። የትኛው ወረዳ በስንት ዓመተ ምሕረት ትምህርት ቤት ማሠራት ጀመረ? የጤና ጣቢያው ግንባታ ለሁለተኛ ጊዜ ለምን ጨረታ ወጣ? ኮምፒዩተር በጨረታ ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ መቼ ታየ? የሚፈርመው ኃላፊ ስሙን በዜና ላይ ሊያሳምር ይችላል። ጨረታ ላይ ግን ማሳመር የለም። ያስፈለገው ዕቃ ነው የሚጻፈው። ከንግግር ዘገባ ይልቅ የጨረታ ገጽ ስለ ኑሯችን የበለጠ እውነት ይዟል ብዬ ደፍሬ እናገራለሁ።

ይህን ስል ጋዜጣዋን ያለ ነቀፋ ማለፌ አይደለም። በኩር የክልሉ መንግሥት ጋዜጣ ናት። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። የመንግሥት ጋዜጣ የሚታመመው ሕመም አለ። «ባለድርሻ አካላት»፣ «በተጠናከረ መልኩ»፣ «የዕቅዱን ይህን ያህል በመቶ» የሚል አማርኛ ገጽ ይሞላል። ገበሬውም በባለሥልጣን አማርኛ ሲናገር ታገኙታላችሁ። ስብሰባ ተካሄደ የሚል ዜና ውስጥ ስብሰባው ላይ ማን ምን ብሎ እንደተቃወመ አታገኙም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የጋዜጠኞቹን ችሎታ አውቃለሁ። መስክ ወጥተው የጻፉትን ሳነብ፣ ስለ አንድ ጉድጓድ ውሃ፣ ስለ አንዲት አዋላጅ፣ ስለ መተማ ሰሊጥ ሲጽፉ፣ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል።

እንዲህም ሆኖ ለታሪክ ዋጋ አለው። የ1989ኙን የመሬት ሽግሽግ ውሰዱ። በክልሉ ብዙ ቦታ መሬት እንደገና ተከፋፈለ። በቀድሞው ሥርዓት ሹም ነበርህ በሚል «ቢሮክራት» ተብሎ መሬቱ የተቀነሰበት ገበሬ እስከ ዛሬ ቁስሉ አልሻረም። መሬት አግኝታ ልጆቿን ያሳደገች ሴትም አለች። ያን ጉዳይ ለማጥናት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው የሰዎቹ ቃል ነው። ሁለተኛው መንግሥት በዚያን ቀን፣ በዚያ ሳምንት፣ ምን ብሎ ነበር የሚለው ነው። ሁለተኛውን ከየት ታገኙታላችሁ? ከጋዜጣ ነው። ያልተጻፈውንም ቢሆን የሚያሳየን እሱ ነው። በሰው አፍ የኖረው ትልቅ ነገር ጋዜጣው ላይ ከሌለ፣ ዝም መባሉ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከኤርትራ ጋር የድንበሩ ጦርነት መጣ፣ አረንጓዴው የመሬት ደብተር መጣ፣ ጥምቀታችን በ2012 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፈረ፣ ፋሲል ከነማ በ2013 የሊጉን ዋንጫ አነሣ። የዋንጫውን ቀን ሁሉም ያስታውሳል። ከዚያ በፊት ቡድኑ በታችኛው ሊግ ሲንከራተት የነበረውን ዘመን የሚያስታውሰው ግን የስፖርት ዓምዱ ነው።

እንግዲህ ወደ መነሻ ሐሳቤ ልምጣ። በሕጉ መሠረት አሳታሚዎች ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ለወመዘክር ያስገባሉ። ያ ጥሩ ነው። ግን አዲስ አበባ ነው። ጎንደር ያለ ተማሪ የ1990ን አንድ ዕትም ለማየት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝ? ባሕር ዳር ድረስስ ሁሉም መሄድ ይችላል? ዛሬ የመንገዱን ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ የነበረው ጥራዝ ደግሞ እያለቀ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ስሙን አልጠራም፣ ቢሮ ሲቀየር የዓመታት ጥራዝ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ዝናብ ሲመታው በዓይኔ አይቻለሁ። በኪሎ ተሸጠ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ንብረት መዝገብ ላይ ወንበሩ አለ፣ ጠረጴዛው አለ፣ ጋዜጣው የለም። ያልተመዘገበ ነገር ጠያቂ የለውም።

ወረቀቱም ራሱ አይጠብቀንም። ብራና መቶ ዓመታትን ይሻገራል፤ በየገዳማቱ የምናየው ነው። የጋዜጣ ወረቀት ግን ከተፈጨ እንጨት በርካሽ የሚሠራ ነው። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይበጫል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ከዚያ ሲገልጡት እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል። የ1987 ዕትም ዕድሜው ከ30 ዓመት አልፏል። ጊዜ የለንም የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄዬ ከባድ አይደለም። አንድ ክፍል፣ ፀሐይ የማይገባበት። መደርደሪያ። የዕትሞቹ ዝርዝር። አንድ የሚያነሣ ካሜራ ወይም ስካነር። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ የጡረታ መምህራን አሉ፣ ሥራ የሚፈልጉ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች አሉ። የሚጎድለው የሚያስተባብር ሰው ነው፤ እኔ ለጊዜው ልሆን ፈቃደኛ ነኝ።

ከጥያቄዎቹ፦

አንድ ወጣት «አሁን ሁሉ ነገር ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ አለ፣ ወረቀት ለምን ያደክመናል?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን ነሐሴ 2015 ላይ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያን ሁሉ ወራት ስልክህ ላይ ምን ነበረህ? ዜና ፍለጋ ሁላችንም ወደ ሬዲዮ ነው የተመለስነው። ደግሞ ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ነገር ማታ ይለወጣል፣ ጠዋት ይጠፋል። ማን እንደለወጠው አታውቅም። የታተመ ጋዜጣ የተሳሳተውን ስሕተት እንኳ ይዞ ይኖራል። ስካን እናድርገው፣ ኢንተርኔት ላይም እናውጣው፤ ወረቀቱን ግን አንጣል።

አንድ አባት ደግሞ ቤታቸው ሳጥን ሙሉ የድሮ በኩርና አዲስ ዘመን እንዳለ ነገሩን። ልጆቹ ሊጥሉት ነው፣ ምን ላድርግ አሉ።

አባቴ፣ እባክዎን አያስጥሉ። መጀመሪያ ከመሬት ያንሱት፤ እርጥበትና ምስጥ ከታች ነው የሚመጣው። የታጠፈውን ዘርግተው በጀርባው ያስተኙት እንጂ አያቁሙት። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያቃጥለዋል። የብረት ስቴፕል ካለ ይንቀሉ፤ ይዝጋል። ጥሩ የመሰለዎትን ጽሑፍም ቆርጠው አያውጡ። ጀርባው ላይ ያለው ማስታወቂያ ለሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ከዚያ ልጆቹ የየዕትሙን ቀንና ቁጥር ደብተር ላይ ይጻፉ። ሳጥኑን ለመስጠት አይገደዱም፤ ዝርዝሩ ብቻ ይድረሰን። የሌለንን ዕትም ቤትዎ መጥተን ፎቶ አንሥተን እንመልስልዎታለን።